ቱባ ቢጫዋን ጨርቅ የጣለች ዕለት

አብዱልመናን ልብስ ሰፊ ነው። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ባቡሩ ከሚቆምበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሱሪ የሚያሳጥርበት፣ ዚፕ የሚቀይርበት፣ የሙሽራ ቀሚስ የሚያጠብበት ጠባብ ሱቅ አለው። ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ደንበኛ ሲቆጣው እንኳ «እሺ፣ አብሽር» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። እሑድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እሑድ ፉትቦል አለ፤ ያ አሜሪካኖቹ በእጃቸው ይዘው የሚሮጡት ኳስ። እሑድ የአካባቢው ቡድን፣ ቫይኪንግስ፣ ይጫወታል።

ቫይኪንግስን መውደድ የጀመረው እዚህ አገር በገባ በመጀመሪያው ዊንተር ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ በስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጥ ቢያየው አዘነለትና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ጃኬት አመጣለት። ጃኬቱ ላይ የተሳለው ቀንዳም ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ የቡድኑ አርማ ነው አለው፤ በዚያው ቀረ።

ቡድኑ ግን ልብ አድርቅ ነው። አሸነፈ ሲባል ይሸነፋል፣ ደረሰ ሲባል ይቀራል። አብዱልመናን ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ ዳኞቹ ያደላሉ።

«እስቲ አስበው» ይላል፣ መቀሱን እንደ ጣት እየቀሰረ። «ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የሚበዛው የት ነው? ኒው ዮርክ፣ ዳላስ፣ ካሊፎርኒያ። እኛ ማን ነን? በረዶ! በረዶ ዋንጫ እንዲበላ ማን ይፈልጋል?»

በዚህ ነገር ከእሱ የሚብስ ቸሩ ብቻ ነው። ቸሩ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የሚያመላልስ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ነጠላውን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ ሱቁ የሚመጣ የረጅም ጊዜ ጓደኛው ነው። ሁለቱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው ቴሌቪዥን ሥር ቁጭ ብለው «ሌባ! አደሉብን!» ሲሉ ሱሪውን የሚጠብቀው ደንበኛም አብሯቸው ይጮኻል።

ቱባ ያደገችው በዚህ ጩኸት ውስጥ ነው። ለአብዱልመናንና ለባለቤቱ ለራሕመት አንድ ልጃቸው ናት። ትንሽ ሆና፣ ገና ያልተተኮሰ ልብስ የተከመረበት ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትቀመጥና ከእነሱ ጋር ጨዋታውን ታያለች። ሌላው ሰው ኳሱን ሲከተል እሷ ግን ዳኛውን ነበር የምትከተለው። አባቷ «ሌባ!» ባለ ቁጥር፣ ሌብነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማግኘት ዓይኗን ትተክላለች። የፉትቦል ዳኛ ጥፋት ሲያይ ከወገቡ ቢጫ ጨርቅ መዝዞ ሜዳው ላይ ይጥላል፤ ጨርቋ ከየት እንደተወረወረች፣ ዳኛው ምን አይቶ እንደወረወራት ትፈልጋለች።

«አባ፣ ልክ ነው እኮ። እግሩ መስመሩን ነክቷል።»

«አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?» ይላታል እየሳቀ።

አባቷን ለመርታት ብላ ሕጉን አጠናች። ሕጉን አጥንታ ስትጨርስ ጨዋታው ራሱ ይዟት ቀረ። ሃይስኩል ሳለች ብሩክሊን ሴንተር፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ፓርክ፣ ሕፃናት ሲጫወቱ መዳኘት ጀመረች። የሰጧት ባለ መስመር ሸሚዝ የወንድ ነበርና ውስጡ ጠፋች። አብዱልመናን ወስዶ አጠበበላት፤ ጎኑ ላይ ጥቁሩ ከጥቁሩ፣ ነጩ ከነጩ እንዲገጥም ፈትቶ ደግሞ ሰፋው። በጥቁር ሻሽ ላይ ኮፍያዋን ደፍታ መስታወት ፊት ስትቆም ራሕመት «ያ አላህ፣ ይቺ ልጅ ምን ልትሆን ነው?» አለች።

ኋላ ፊዚዮቴራፒስት ሆና ኩን ራፒድስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠረች፤ እዚያው አፓርታማ ተከራየች። ቅዳሜና እሑድን ግን ለዳኝነት ሰጠች። ከሃይስኩል ወደ ትንንሽ ኮሌጆች፣ ከትንንሾቹ ወደ ትልልቆቹ እያለች ስትወጣ ቆየችና አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ሱቁ በር ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባ፣ ተቀበሉኝ። ትልቁ ሊግ፣ የቫይኪንግስ ሊግ ተቀበለኝ።»

አብዱልመናን የያዘውን ሱሪ ጥሎ፣ የተበተነው ክርና የጨርቅ ቁራጭ መሃል ሱጁድ ወረደ።

ቸሩ በሰማ ጊዜ እልል አለ። «እንግዲህ የራሳችን ዳኛ አለን! ቫይኪንግስ ዘንድሮ ዋንጫ በላ በሉኝ!»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ቱባ ፈገግ ብቻ አለች። ስትወጣ አባቷን በሩ ላይ ያዝ አድርጋ፣ «አባ፣ ከእንግዲህ ዳኞች ሌባ ናቸው ስትል እኔንም እያልክ ነው፣ እሺ?» አለችው።

«አንቺማ ሌላ ነሽ።»

«ሌላ አይደለሁም። አብሬያቸው ነው የምሠራው።»

«እሺ፣ እሺ» አላት። ከዚያም በኋላ ግን አልተወም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመቷ ቱባ ከከተማ ከተማ እየበረረች ዳኘች። የገዛ ከተማዋን ቡድን እንድትዳኝ አይመድቧትም ነበር፤ እሷም አልጠየቀችም። ታኅሣሥ ላይ ግን ከባድ በረዶ ጣለ። ሚኒያፖሊስ መድረስ ከነበረባቸው ዳኞች አንዱ፣ በረራው ተሰርዞ ሌላ ከተማ ቀረ። ያን ሳምንት እረፍት ላይ የነበረችውና ስታዲየሙ አጠገብ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ደወሉላት። እሷም ለእናቷ ደወለች። «እማ፣ ነገ እዚሁ ነኝ» ስትል ድምፅዋ ደስታም ፍርሃትም ነበረበት።

እሑድ ሱቁ ሞላ። አብዱልመናን ያየውን ሰው ሁሉ ጠርቷል። በጨዋታው ዕረፍት ላይ ከኋላ ክፍል ገብቶ ዙሁር ሰገደ፤ በዱዓው ለቡድኑ ይለምን ለልጁ ይለምን ቸገረውና ለሁለቱም ለመነ። ያን ቀን ያሸነፈ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ያልፋል፤ የተሸነፈ እቤቱ ይቀመጣል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቫይኪንግስ በጥቂት ነጥብ እየተመራ ነበር። ኳሷ በሰማይ ላይ ረጅም ሄደች። ወይን ጠጅ የለበሰው ተጫዋች ከተከላካዩ በላይ ዘሎ፣ ጥግ ላይ፣ ሁለት እግሩን መስመሩ ውስጥ አሳርፎ ያዛት። ታችዳውን! አገቡ! ሱቁ ተናወጠ። ቸሩ አብዱልመናንን ከመሬት አነሳው። ማዶ ያለው ጸጉር ቤት ሳይቀር ሲጮህ ይሰማል።

ከዚያ አንድ ሰው «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ።

ሣሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ወድቃለች።

ካሜራው ማን እንደጣላት አሳየ። ጥቁር ሻሽ፣ ነጭ መስመር፣ ቀጥ ያለች ቀጭን ሴት። ተቀባዩ ኳሷ ሳትደርስ ተከላካዩን በእጁ ገፍቷል አለች። ነጥቡ ተሰረዘ። ቡድኑ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቀጣዩን ሳተ፣ ሰዓቱ አለቀ።

ቴሌቪዥኑ ያንኑ ጨዋታ ደጋግሞ አሳየ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ከኋላ ሲታይ እጁ ተዘርግቷል፤ ግን ትከሻውን ነካ ቢባል ነው፣ አልገፋውም። እንዲህ ያለው ውሳኔ ደግሞ በቪዲዮ ታይቶ አይሻርም። አስተያየት የሚሰጠው ጡረታ የወጣ ዳኛ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አያስቀጣም» አለ።

ሱቅ ውስጥ ቱባ የማን ልጅ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ከአንድ ሰው በቀር። ናፍያድ የሚባል ሱሪውን ሊወስድ የገባ ወጣት ነበር፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ እያየ «ተገዝታለች ይቺ» አለ። «ግልጽ ነው እኮ።»

ሰው ሁሉ ወደ አብዱልመናን ዞረ። አብዱልመናን ሱሪውን ከመስቀያው አወረደ፣ አጠፈ፣ ፌስታል ውስጥ ከተተና ሰጠው። «በሰላም ሂድ» አለው።

ሰዉ አንድ በአንድ ከወጣ በኋላ ቸሩ ነጠላውን እየተከናነበ ቆመ። «አብዱ፣ ልጄ ናት ለምን አላልከውም?»

አብዱልመናን ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ለምን እንዳላለ እሱም አያውቅም፤ ወይም ያውቃል።

በማግስቱ የቱባ ስም በየስልኩ ነበር። ስሟን ብቻ አይደለም፣ ሻሿንም እየጠሩ ሰደቧት። «ወደ አገርሽ ሂጂ» አሏት፤ እሷ የተወለደችው ስታዲየሙ በመስኮት ከሚታይበት ሆስፒታል ነው። ክሊኒኩ ለጥቂት ቀን ቤት እንድትሆን ነገራት። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ብሩክሊን ሴንተር እቤት መጣች። ራሕመት አቅፋ ይዛት ቆየችና ሾርባ አቀረበችላት። አንድ ማንኪያ ቀምሳ ተወችው።

«ጠጪ እንጂ የኔ እናት» አለች ራሕመት።

አብዱልመናን ከእሑድ ጀምሮ አንድ ጥያቄ በሆዱ ይዟል። እንዳይጠይቅ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ልጁን እንዲያ ተሰብራ ሲያያት ግን፣ ለእንዲህ ያለ ሐዘን አንድ ጥፋተኛ፣ ከላይ ሆኖ ያዘዘ አንድ ክፉ ሰው መኖር አለበት መሰለው። ቢኖር ደስ ባለው።

«ቱባ።»

«አቤት አባ።»

«እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ነኝ፤ ከዚህ ቤት አይወጣም። ከላይ የነገረሽ ሰው አለ ወይ?»

«ምን ብሎ?»

«እንዲሸነፉ።»

ራሕመት «አንተ ሰውዬ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

ቱባ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። መንገድ ላይ የምታውቀው መስሏት ሰላም ልትለው የሄደችው ሰው ሌላ ሆኖ እንዳገኘችው ሁሉ አየችው። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጀመረችና ተወችው። እሷ ከአባቷ ጋር ስትነጋገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ያን ቀን ግን ቃል እየፈለገች በአማርኛ ተናገረች።

«ይሄን ጥያቄ የማላውቀው ሰው ሁሉ ጠየቀኝ። አንተ ትጠይቀኛለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«ቆይ፣ ልንገርህ። ማንም አልነገረኝም። ተሳስቼ ነው።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «እጁን ሲዘረጋ አየሁ። ሲገፋ ግን አላየሁም። ካላየህ አትጥልም፤ ሕጉ እሱ ነው። ግን ቅዳሜ ከደወሉልኝ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አደላች እንዳይሉኝ። የሰፈሩ ልጅ ናት፣ አባቷ ጃኬታቸውን ነው የሚለብሰው እንዳይሉኝ። ኳሷ ስትመጣ እጄ ቀደመኝ።»

«ማን ነው እንዲህ የሚልሽ?»

«አንተ ነሃ አባ!» አለች፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ ብቻ ተሰበረ። «ሜዳ ላይ ስቆም የሕዝቡ ጩኸት አይሰማኝም። ስታዲየም ሙሉ ሰው ይሰድበኛል፣ አይሰማኝም። የሚሰማኝ የአንተ ድምፅ ነው። ሌባ፣ አደሉብን ስትል። አንድ ቀን እንኳ ዳኛው ተሳስቶ ይሆናል ስትል ሰምቼ አላውቅም።»

ቱባ ሳህኗን አጠበች፣ እናቷን ሳመች፣ እሱንም እንደ ወትሮው ግንባሩን ሳመችውና ኮቷን ለብሳ ወጣች። የመኪናዋ ጎማ በረዶውን እየፈጨ ሲሄድ ሁለቱም ቆመው ሰሙ።

«ተከተላት» አለች ራሕመት።

«ምን ልበላት?»

«እኔ እንጃ። ተከተላት ብቻ።»

አልተከተላትም። ጫማውን እስኪያደርግ መኪናዋ ከመንገዱ ጠፍታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለአብዱልመናን ከሽንፈቱም የከፋ ሆነበት። ደንበኛ ገብቶ ስለዚያች ጨርቅ ባነሳ ቁጥር «ልጄ ናት። አልተገዛችም፤ ተሳስታ ነው» ማለት ጀመረ። እውነቱ ይኸው ነበር፤ ግን ማንም አላመነውም። እሱ ራሱ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያሾፍበት የኖረውን ሹፈት በሰው ፊት ላይ አየው። አንዲት ደንበኛ፣ ፈነት የምትባል ዘመናዊ ወይዘሮ፣ በትህትና እንዲህ አለችው፤ «ጋሽ አብዱልመናን፣ ድሮ እንዲህ አይሉም ነበር። አሁን ልጅዎ ስለሆነች ነው። ለልጅ ማድላት ያለ ነው።»

ቀሚሷን ለክቶ ጨረሰ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ግን ቀኑን ሙሉ ሳያወርደው ዋለ።

«እኔ እኮ የተናገርኩት ለጨዋታ ነበር» አለው አንድ ቀን ለቸሩ። «የምሬን አልነበረም።»

«እኔም» አለ ቸሩ።

«እሷ ግን ልጅ ነበረች። ልጅ ደግሞ ጨዋታና ቁም ነገር አይለይም።»

«እኔ የማዝነው» አለ ቸሩ፣ «ካደላች ለእኛ ብታደላ ምን ነበረበት ብዬ በልቤ ስላሰብኩ ነው። ቱባን ይዤ ያሳደግኩ ሰውዬ።» ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ።

በጸደይ ቱባ ዳኝነቱን ተወች። ያባረራት የለም። እንዲያውም አለቆቿ ደውለው፣ እንዲህ ያለ ስህተት ያልሠራ ዳኛ የለም፣ ቆዪ ብለው ለምነዋታል። አመስግና እምቢ አለች። አሪዞና አንድ ክሊኒክ ሥራ አገኘችና ዕቃዋን ልታነሳ ተዘጋጀች።

አብዱልመናን ኩን ራፒድስ ሄዶ ዕቃ በመጫን ሊያግዛት ሲጠይቃት «ና» አለችው። ፍራሹን ግራና ቀኝ ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ፣ መሃል ላይ ሲደርሱ ቆመ። ፊቷ ከፍራሹ ማዶ አይታይም። እንዲያ ሆኖ ነው መናገር የቻለው።

«ቱባ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሃለሁ አባ። ያኔውኑ።»

«እንግዲያ አትተይው። ወላሂ ከእንግዲህ ከአፌ...»

«አንተን ተቀይሜ አይደለም የተውኩት።» ፍራሹን ከፍ አድርጋ ያዘች። «አሁን ጨዋታውን ማየት አልችልም። የማየው ራሴን ነው። ይሄን ብጥል ምን ይሉኛል፣ ባልጥል ምን ይሉኛል። እንዲህ ሆኜ ብዳኝ ያኔ እውነትም ሌባ መሆኔ ነው።» ቀጥላም «ከበደኝ፣ እንውረድ» አለች።

ወረዱ። መኪናው ላይ ጫኑ። ራሕመት የሰነቀችላትን ቆሎና በሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠላት። ስታቅፈው አጥብቃ አቀፈችው፤ ቂም እንደሌለባት አወቀ። ቂም ቢኖርባት አንድ ቀን ይወጣላት ነበር፤ ይሄኛው ግን በምን እንደሚወጣ አላወቀም።

መስከረም ገባ። በመጀመሪያው የጨዋታ እሑድ ሱቁ ውስጥ ቸሩና እሱ ብቻ ነበሩ፤ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ስልኩ ጮኸ። ቱባ ናት። ስለ አሪዞና ሙቀት፣ ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ አዲሱ ሥራዋ አወሩ። ከዚያ ቱባ ጠየቀች።

«ዛሬ ጨዋታ አለ አይደል?»

«አለ።»

«እያያችሁ ነው?»

«ኧረ ተይው፣ ዘግቼዋለሁ።»

«ክፈተው አባ። ለእኔ ብለህ አትዝጋው። አንዳችን እንኳ እንየው።»

ስልኩ ሲዘጋ ከፈተው። ቸሩ ወንበሩን አስጠጋ። ጨዋታው ጥሩ ነበር። አንዴ ቢጫ ጨርቅ ወደቀች፤ ቸሩ ሊጮህ ብድግ ብሎ አብዱልመናንን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም አልሰደበም፣ ማንም አልጨፈረም። ወደ መጨረሻው ላይ ቫይኪንግስ አገባና አሸነፈ።

«አሸነፍን እኮ» አለ ቸሩ፣ ግራ እንደተጋባ።

«አሸነፍን» አለ አብዱልመናን።

ለቱባ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም፤ መልእክት ይተዉ የሚለው የእሷው ድምፅ በእንግሊዝኛ መጣ። «ቱባ፣ አባ ነኝ» አለ። «አሸነፍን።» ሌላ የሚጨምረው ነገር ፈለገ፤ የሚላት ብዙ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ፤ መቅጃው ጊዜው አልቆ እስኪዘጋበት ድረስ ትንፋሹ ብቻ ይቀዳ ነበር።